መብላት ያቃታትን ላም መመገብ፦ አስቀድመው የሚራቡት በሆዷ ውስጥ ያሉት ናቸው

በጎጃም ገጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን፣ በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ በምትገኘው ሲያትል በብርዱ ወራት ገና ያለፈው ቀን ምሽት 2 ሰዓት ነው። በሬኒየር ቫሊና በአካባቢው ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይህ ሰዓት ከሥራ ተመልሰው ወደ አገር ቤት የሚደውሉበት፣ ከአገር ቤትም የሚደወልላቸው ሰዓት ነው። ከቤተሰብ ጤናና ከልጆች ትምህርት ቀጥሎ በእንዲህ ያለው ስልክ ከሚነሱት ጉዳዮች አንዱ የከብት ነገር ነው። «ልጄ፣ ላሚቱ ከትናንት ወዲያ ጀምራ እህል ውሃ አልቀምስ ብላለች» የሚል ቃል ከማዶ ሲሰማ፣ ልጅ «እማዬ፣ ታዲያ ምን ሰጣችኋት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። «ዱቄት በጥብጠን በጠርሙስ ጋትናት» የሚለው መልስም የተለመደ ነው።

ይህ በቅን ልቦና የተደረገ ርዳታ ላሚቱን ሊገድላት ይችላል። ምክንያቱ የእንስሳት ሕክምና ሳይንስ በግልጽ የሚያውቀው ነው። የሚያመሰኩ እንስሳት፣ ማለትም ላም፣ በሬ፣ በግ፣ ፍየል፣ ቀጭኔና የመሳሰሉት፣ እንደ ሰው ወይም እንደ ውሻ የሚመገቡ አይደሉም። መብላት ሲያቅታቸው የሚደረግላቸው የምግብ ድጋፍም ለሰው በሽተኛ አጥሚት ከማቅረብ ፈጽሞ የተለየ ነው። ልዩነቱን ለመረዳት በቅድሚያ በላሟ ሆድ ውስጥ የሚካሄደውን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል።

በሆድ ውስጥ ያለው ትልቅ ጋን

ከሲያትል በስተምሥራቅ፣ በስኖኳልሚ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ካርኔሽን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዚያ በሚገኘው የቀድሞው የካርኔሽን ወተት ኩባንያ እርሻ ለአንዲት ላም የቆመ ሐውልት ይታያል። ላሚቱ ሴጊስ ፒተርቲ ፕሮስፔክት ትባል ነበር፤ «ፖሰም ስዊትሃርት» በሚለው የቁልምጫ ስሟም ትታወቃለች። እ.ኤ.አ. በ1920 በአንድ ዓመት ውስጥ 37,381 ፓውንድ፣ ማለትም 17 ሺህ ኪሎ ግራም ገደማ ወተት በመስጠት በዘመኑ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘች። ሐውልቱም እ.ኤ.አ. በ1928 ተሠራላት። በቀን ሲሰላ ከ46 ኪሎ ግራም በላይ ይሆናል። በአማካይ በቀን 2 ሊትር ከማይሞላው የአገር ቤት ላም ምርት ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ይሁን እንጂ ሁለቱም ላሞች ሣርን ወደ ወተት የሚለውጡበት መንገድ አንድ ነው። ሣርን የሚያፈርሰው የላሟ አካል ራሱ አይደለም። የላም ሆድ አራት ክፍሎች ሲኖሩት፣ የመጀመሪያውና ትልቁ ጨጓራ የሆዷን ግራ ጎን ከሞላ ጎደል ይሞላዋል። በትልልቅ የወተት ላሞች ይህ ክፍል ከ100 እስከ 200 ሊትር ሊይዝ ይችላል፤ ይህም ከአንድ ትልቅ የጠላ ጋን የሚበልጥ ነው። ንጽጽሩም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በጋን ውስጥ ጠላ እንደሚፈላ ሁሉ፣ በጨጓራ ውስጥም በ39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ሣሩ ሌሊትና ቀን ይብላላል።

ይህን የሚያብላሉት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር የጨጓራ ፈሳሽ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ፕሮቶዞዋዎችና ፈንገሶች ይኖራሉ። የገለባንና የድርቆሽን ጠንካራ ክር ሰባብረው አሴቲክ፣ ፕሮፒዮኒክና ቡቲሪክ የሚባሉ አሲዶችን ያመነጫሉ። ላሟ ከምታገኘው ኃይል 70 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከእነዚህ አሲዶች ነው። ተሕዋስያኑ ራሳቸውም ወደ ቀጣዮቹ የሆድ ክፍሎች ሲወርዱ ተፈጭተው የፕሮቲን ምንጭ ይሆኗታል። ባጭሩ ላም ተሕዋስያኑን ትመግባለች፤ እነርሱም በተራቸው ላሟን ይመግባሉ።

ይህ ውል የሚጸናው ላሟ ስትበላና ስታመሰኳ ነው። የምታጠባ ትልቅ ላም በምታኝክበትና በምታመሰኳበት ጊዜ በቀን ከ100 ሊትር በላይ ምራቅ ታመነጫለች። በምራቁ ውስጥ ያለው የሶዳ ይዘት የጨጓራውን አሲድ ያረግበዋል። መብላት ስታቆም ምራቁ ይቀንሳል፤ የጨጓራው እንቅስቃሴ ይዳከማል፤ ተሕዋስያኑም ምግብ አጥተው በብዛት ይሞታሉ። ከሁለት ቀን ጾም በኋላ ቁጥራቸው በእጅጉ ያሽቆለቁላል። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ሕመም ቢድን እንኳ ላሚቱ የምትበላውን ሣር የሚያፈርስላት የለም። የምግብ ፍላጎቷም ስለማይመለስ አለመብላቷ ሌላ አለመብላትን ይወልዳል።

ላሟ ለምን አልበላም አለች?

አለመብላት በራሱ በሽታ ሳይሆን የበሽታ ምልክት ነው። ስለዚህ ማንኛውም የምግብ ድጋፍ ከመጀመሩ በፊት መንሥኤው መፈለግ አለበት። መንሥኤዎቹን በሦስት ክፍሎች ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው መብላት ፈልጋ አፏ የሚከለክላት ነው። በኢትዮጵያ በስፋት የሚገኘው የአፍና የእግር በሽታ፣ በተለምዶ አፍተግር የሚባለው፣ ምላስንና ድድን በውሃ በተሞሉ ቁስሎች ይሸፍናል። ላሟ ምራቋን እያዝረበረበች ሣሩን ታሸታለች እንጂ ማኘክ አትችልም። አሜሪካ ይህ በሽታ ለመጨረሻ ጊዜ የታየባት እ.ኤ.አ. በ1929 ስለሆነ፣ የሲያትል አካባቢ ገበሬ በዘመኑ አይቶት አያውቅም፤ ለኢትዮጵያ ገበሬ ግን የታወቀ ጠላት ነው። የጥርስ መውለቅ፣ የመንጋጋ እብጠት፣ በጉሮሮ የተሰነቀረ ድንች ወይም የማንጎ ፍሬም ከዚሁ ክፍል ይመደባሉ።

ሁለተኛው አፏ ደህና ሆኖ ሆዷ የታወከ ነው። እህል፣ ሊጥ ወይም ዱቄት በብዛት የበላች ላም ጨጓራዋ በአሲድ ይመረዛል። በከተማ ዳር የምትግጥ ላም የዋጠችው ፌስታል ተጠቅልሎ መተላለፊያውን ይዘጋል። ሚስማርና ሽቦ ደግሞ ወደ ሁለተኛው የሆድ ክፍል ይወርዳሉ። ይህ ክፍል ከልብ የሚለየው በስስ ግድግዳ በመሆኑ፣ ሽቦው ግድግዳውን በስቶ ልብ ድረስ ሊደርስ ይችላል።

ሦስተኛው ሌላ ሕመም የምግብ ፍላጎቷን የዘጋባት ነው፦ ትኩሳት፣ የጡት በሽታ፣ የማኅፀን ቁስለት፣ ወይም ከወለደች በኋላ የሚመጣ የካልሲየም ማነስ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ይገባል። መዋጥ ያቃታት፣ ምራቋ የሚዝረበረብ፣ ድምፅዋ የተለወጠና ጠባይዋ እንግዳ የሆነ ላም የእብድ ውሻ በሽታ ይዟት ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ጉሮሮዋ ውስጥ አጥንት የተሰነቀረ መስሎት እጁን ወደ አፏ ይሰዳል። በሽታው በምራቅ የሚተላለፍ በመሆኑ ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ስሕተት ነው። እንዲህ ያለች ላም ከሰውና ከከብት ተለይታ ሐኪም እስኪያያት ድረስ ማንም አፏን መንካት የለበትም።

ከምግብ በፊት ውሃ

የማትበላ ላም ብዙውን ጊዜ አትጠጣምም። ከረሃብ ይልቅ ፈጥኖ የሚጎዳት የውሃና የጨው ማነስ ነው። ዓይኗ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ፣ የአንገቷ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ አፍንጫዋ ሲደርቅ ሰውነቷ ውሃ እንዳጠረው ያመለክታል። ስለዚህ የምግብ ድጋፍ የመጀመሪያ ደረጃ ገለባም ዱቄትም አይደለም፤ ለብ ያለ ውሃና ጨው ነው።

የእንስሳት ሐኪሞች ለአንዲት ትልቅ ላም በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ሊትር ፈሳሽ በቱቦ በኩል ወደ ጨጓራዋ ያስገባሉ፤ ለትንሿ የአገር ቤት ላም መጠኑ በክብደቷ ልክ ይቀንሳል። በአንድ ሊትር ውሃ 9 ግራም ገደማ የገበታ ጨው የያዘ ድብልቅ ከደም የጨው መጠን ጋር ተቀራራቢ ነው። ሐኪሙ እንደ ሁኔታው ፖታሲየምና ካልሲየም ይጨምርበታል። ጨጓራው በግሉኮስ ከሚሞላ የደም ሥር ከረጢት ይልቅ እጅግ ሰፊና ርካሽ የውሃ ማጠራቀሚያ ስለሆነ፣ ሆዷ እስካልተዘጋ ድረስ ይህ መንገድ በገጠር ላለ ሐኪም ተመራጭ ነው።

ነገር ግን ሆዷ በግራ በኩል ተነፍቶ ከበሮ የመሰለች ወይም መተላለፊያው የተዘጋ ላም ተጨማሪ ፈሳሽ ሲገባባት ጭንቀቷ ይብሳል። በእርሷ ዘንድ የሚቀድመው የታመቀውን ጋዝ ማስወጣት ወይም የተዘጋውን መክፈት ነው።

የጠርሙሱ አደጋ

በአገር ቤት የታመመ ከብትን በጠርሙስ መጋት የቆየ ልማድ ነው። አንገቷ ወደ ላይ ተቀልብሶ፣ ምላሷ ተይዞ፣ ፈሳሹ ይንቆረቆርባታል። በዚህ አኳኋን ላሟ በአግባቡ መዋጥ አትችልም። ፈሳሹ ወደ ምግብ ቧንቧ በመሄድ ፈንታ በአየር ቧንቧ በኩል ወደ ሳንባ ይወርዳል። በሳንባ ውስጥ የገባ ዱቄት፣ ዘይት ወይም አተላ የሚያስከትለው የሳንባ ምች ለማዳን እጅግ አስቸጋሪ ነው። ላሚቱ ከቀናት በኋላ ስትሞት «በሽታው ገደላት» ይባላል እንጂ ጠርሙሱን የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

የሠለጠነ ባለሙያ የሚጠቀመው ረጅም የጨጓራ ቱቦ ነው። በቅድሚያ የቱቦው ርዝመት ከአፏ እስከ መጨረሻው የጎድን አጥንት ይለካል። እንዳታኝከው አፏ በመያዣ ይከፈታል፤ ቱቦው በመዋጫ ጊዜዋ ቀስ ብሎ ይገፋል። ከዚያም ወደ ሳንባ አለመሄዱ ይረጋገጣል። ላሟ ካላሳለች፣ በቱቦው አየር ሲነፋ በግራ ጎኗ የመንቦጭቦጭ ድምፅ ከተሰማ፣ ከቱቦው ጫፍም የፈርስ ሽታ ከወጣ ቱቦው ትክክለኛ ቦታውን ይዟል። ይህ ሳይረጋገጥ አንዲት ጠብታ ፈሳሽ አይለቀቅም።

ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ ጥቂት መድኃኒት በአፍ መስጠት ግድ ከሆነ፣ የላሟ አፍ ከጀርባዋ መስመር በላይ ከፍ እንዲል መደረግ የለበትም። ፈሳሹ በጉንጯ በኩል በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል፤ መዋጧም በየጊዜው ይታያል። ካሳለች ወዲያው ይቆማል። መቆም ላቃታት ወይም ለደነዘዘች ላም ግን በጠርሙስ ምንም አይሰጥም።

ከጤነኛዋ ላም ለታመመችው

ውሃና ጨው ከተመለሱ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ የጠፉትን ተሕዋስያን መተካት ነው። መልሱ ቀላልና ጥንታዊ ነው፦ ከጤነኛ ላም ጨጓራ የተቀዳ ፈሳሽ ለታመመችው መስጠት። በስዊድን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገበሬዎች ከምታመሰኳ ጤነኛ ላም አፍ የምታኝከውን ነጥቀው ማመስኳት ላቆመችው ያጎርሱ እንደነበር ተጽፏል። ስለ ባክቴሪያ ምንነት ገና ባልታወቀበት ዘመን ገበሬው በልምድ የደረሰበት እውነት ነበር።

ዘመናዊው ሳይንስ ይህን አረጋግጧል። በ1980ዎቹ ለከብት መኖ የሚውለው ሉኪኒያ የተባለ ዛፍ በአውስትራሊያ ከብቶችን ይመርዝ ነበር፤ በሃዋይ ያሉ ፍየሎች ግን ያለ ችግር ይበሉት ነበር። ተመራማሪዎች በሃዋይ ፍየሎች ጨጓራ ውስጥ መርዙን የሚያፈርስ ባክቴሪያ መኖሩን ደረሱበት። ባክቴሪያው ወደ አውስትራሊያ ከብቶች ሲዛወርም ከብቶቹ ቅጠሉን ያለ ጉዳት መብላት ቻሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አራተኛው የሆድ ክፍላቸው ከቦታው ተዛውሮ በቀዶ ሕክምና የተመለሰላቸውን ላሞች ተመልክቷል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የጤነኛ ላም የጨጓራ ፈሳሽ የተሰጣቸው ላሞች ካልተሰጣቸው ይልቅ በተሻለ ሁኔታ በልተዋል፤ የበለጠ ወተትም ሰጥተዋል።

በአሜሪካ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጆች ለዚህ ተግባር «ለጋሽ ላም» ማኖር የተለመደ ነው። የላሟ ግራ ጎን በቀዶ ሕክምና ተከፍቶ በጎማ ክዳን ይገጠማል፤ ክዳኑ ሲነሣ የጨጓራው ፈሳሽ ይቀዳል። ላሟም ከመንጋው ጋር እየጋጠች ለዓመታት ትኖራለች። ፈሳሹ በጨርቅ ተጠልሎ፣ ሙቀቱ ሳይበርድ፣ በሰዓታት ውስጥ በቱቦ ለታመመችው ይሰጣል። ለትልቅ ላም ቢያንስ 3 ሊትር፣ ቢቻል ከ8 እስከ 16 ሊትር፣ ለበግና ለፍየል 1 ሊትር ያህል ይመከራል። ብዙ ጊዜም በማግስቱ ይደገማል።

በገጠር ኢትዮጵያ የጎማ ክዳን የተገጠመላት ላም ማግኘት አይቻል ይሆናል። ሆኖም በቄራና በየቅርጫው ጤነኛ በሬ በታረደ ቁጥር ከጨጓራው የሚወጣው ትኩስ ፈርስ እንደ ቆሻሻ ይጣላል። ያ የሚጣለው ነገር የእንስሳት ሐኪሙ የሚፈልገው መድኃኒት ነው። ተጨምቆና ተጠልሎ፣ ሳይቀዘቅዝ ሊወሰድ ይችላል። ሁለት ነገሮች ግን ግዴታ ናቸው፦ የታረደው እንስሳ ጤንነቱ በሐኪም የተረጋገጠ መሆን አለበት፤ በቅርብ ጊዜ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የተወጋም መሆን የለበትም። ያለዚያ አንዱን ሕመም ለማዳን ሌላ ሕመም ማዛመት ይሆናል።

ምን ትብላ?

በዚህ ደረጃ ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት «አቅም ይሁናት» ብሎ እህል፣ ሊጥ ወይም ስኳር መስጠት ነው። የሰው በሽተኛ በስኳር ይበረታል፤ በላም ጨጓራ ውስጥ የገባ ስኳር ግን እንደ ስኳር ወደ ደሟ አይደርስም። በሕይወት የተረፉት ተሕዋስያን ቀድመው ይሻሙትና በፍጥነት ወደ አሲድ ይለውጡታል። በጤና ጊዜ የጨጓራው ፒኤች ከ6 እስከ 7 ባለው መጠን ውስጥ ይገኛል። ከ5.5 በታች ሲወርድ ጠቃሚዎቹ ተሕዋስያን ይሞታሉ፤ የጨጓራው ግድግዳ ይቆስላል፤ ላሟም በመመረዝ ልትወድቅ ትችላለች። የታመመች ላምን በሊጥ መርዳት በደከመ እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው።

ኃይል የሚሰጣት ሌላ መንገድ አለ። ለብዙ ቀን ያልበላች ላም ከሰውነቷ ስብ ማቃጠል ትጀምራለች። ስቡ ከመጠን በላይ ወደ ጉበት ሲጎርፍ ኬቶሲስ የሚባለው ሕመም ይከተላል። በተለይ የወለደች የወተት ላምና መንታ ያረገዘች በግ ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። ሐኪሞች ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባል ፈሳሽ ለትልቅ ላም በቀን 300 ሚሊ ሊትር ገደማ በአፍ ይሰጣሉ፤ ጉበቷ ወደ ግሉኮስ ይለውጠዋል። አስፈላጊ ሲሆንም ግሉኮስ በቀጥታ በደም ሥር ይሰጣል።

የዘወትር ምግቧ ግን ክር ያለው መኖ ነው። መዋጥ ለማትችል ላም ሐኪሞች የደረቀና የተፈጨ አልፋልፋ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ግራም በ20 ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጠው በሰፊ ቱቦ ያስገባሉ። አፏ የቆሰለ ግን መዋጥ የምትችል ላም ርጥብና ለስላሳ ሣር፣ በውሃ የራሰ ፉርሽካ በጥቂቱ፣ በደንብ የደቀቀ ድርቆሽ ይቀርብላታል። ሻካራ ገለባና ጭድ ቁስሏን ስለሚወጋ እስኪድን ይቆያል። የኑግ ፋጉሎ ጥሩ ፕሮቲን ቢሆንም የሚጨመረው ማመስኳት ከጀመረች በኋላ ቀስ በቀስ ነው። ተሕዋስያኑ አዲስ መኖ ለመልመድ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈልጋሉና።

ማገገሟን ማንም ገበሬ ራሱ ሊከታተል ይችላል። በግራ ጎኗ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ጀርባ ባለው ጎድጓዳ ስፍራ ላይ የተጨበጠ እጅ ተጭኖ ቢቆይ፣ ጤነኛ ጨጓራ በደቂቃ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እጁን ገፋ ያደርገዋል። ከዚያ እንቅስቃሴ ጋር ማመስኳት ከተመለሰ ጋኑ እንደገና መፍላት ጀምሯል ማለት ነው።

የጥጃ ነገር የተለየ ነው

ጥጃ ሲወለድ ትልቁ ጨጓራው ገና ሥራ አልጀመረም። በሚጠባበት ጊዜ በምግብ ቧንቧው ጫፍ ያለ የሥጋ እጥፋት እንደ ቦይ ይዘጋና ወተቱን ጨጓራውን አሳልፎ በቀጥታ ወደ አራተኛው ክፍል ያደርሰዋል። በጡጦ የሚጠባ ጥጃ ቦዩ ይዘጋለታል፤ በቱቦ የሚሰጥ ወተት ግን ወደ ጨጓራው ይገባል። ስለዚህ መጥባት የሚችል ጥጃ በጡጦ ይጠባል እንጂ በቱቦ አይሞላም።

አንድ ጊዜ ብቻ ይህ ሕግ ይላላል፤ እርሱም በእንገር ነው። የጥጃው አንጀት በእንገር ውስጥ ያሉትን የበሽታ መከላከያዎች የሚቀበለው በመጀመሪያው አንድ ቀን ውስጥ ሲሆን፣ በሰዓታት ልዩነት በሩ እየጠበበ ይሄዳል። መጥባት ያልቻለ ጥጃ በተወለደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በሠለጠነ እጅ እንገሩን በቱቦ ማግኘት ይኖርበታል፤ የአንድ ቀን ድምሩም ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። 30 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ጥጃ ይህ 3 ሊትር ይሆናል።

መቆም ለማይችል አራስ እንስሳ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ጡቱ ጋ የሚደርሰው ቆሞ ነውና። ሲያትል ውስጥ በሚገኘው ውድላንድ ፓርክ የእንስሳት ማቆያ እ.ኤ.አ. በሜይ 2 ቀን 2019 ሃሳኒ የተባለ ቀጭኔ ሲወለድ የኋላ እግሮቹ መገጣጠሚያ ወደ ኋላ የታጠፈ ነበር። ሐኪሞች ድጋፍ አስረውለትና ልዩ ጫማ ሠርተውለት እግሮቹን አቃኑ። ቀጭኔም የሚያመሰኳ እንስሳ ነው። እግርን ማቃናት ለእንዲህ ያለ ግልገል ከመራመድም አልፎ የእናቱን ጡት ለመድረስና ኋላም ቅጠሉን ለመቀንጠስ የሚያስችል ነው።

ከአንዲት ላም ባሻገር

ኢትዮጵያ በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ አገር ናት። በሬ ለአራሹ ገበሬ ከሥጋም ከወተትም በፊት እርሻ ነው። ይህ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ታሪክ መስክሯል። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 በቆየው ክፉ ቀን፣ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ጨረሰ። አፍን የሚያቆስል፣ ሰውነትን በተቅማጥ የሚያደርቅ፣ መብላትን የሚከለክል በሽታ ነበር። በሬ ሲያልቅ እርሻው ጦም አደረ፤ ከከብቱ ቀጥሎም ሰው በረሃብ አለቀ። በሽታው በክትባት ዘመቻ ተሸንፎ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። የዚያን ዘመን እልቂት በቱቦና በፈርስ ውሃ ማዳን ባልተቻለም ነበር፤ ለጅምላ በሽታ መልሱ ክትባት ነው። የምግብ ድጋፍ ግን ሊድን የሚችል ሕመም የያዘው አንድ በሬ ወይም አንዲት ላም በረሃብ እንዳይሞቱ ያደርጋል።

የምግብ ድጋፍ ወሰንም አለው። ልቧ በሽቦ የተወጋ፣ ለብዙ ቀናት ተኝታ መነሣት ያቃታት፣ ወይም በጉሮሮዋ ምንም የማያልፍ ላም ስቃይዋን ማራዘም ርኅራኄ አይደለም። ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። መድኃኒት የተወጋች ላምም መድኃኒቱ ከሰውነቷ የሚወጣበት ጊዜ ሳያልፍ ሥጋዋም ወተቷም ለሰው አይውልም።

እንግዲህ ምሽት 2 ሰዓት ላይ በሲያትል ስልኩን ያነሣው ልጅ 100 ወይም 200 ዶላር ከመላኩ በፊት ሊናገራቸው የሚችሉ ጥቂት ቃላት አሉ። «እማዬ፣ በጠርሙስ አትጋቷት። ሊጥና እህልም አትስጧት። ጥላ ሥር አድርጋችሁ ንጹሕ ውሃና ለስላሳ ሣር አቅርቡላት። ምራቋን ካዝረበረበች አፏን እንዳትነኩ። የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ዛሬውኑ ጥሩ፤ ቱቦ ይዞ ይምጣ በሉት።» የሚላከው ገንዘብ የሚጠቅመው ይህ ምክር ከቀደመው ነው። በላሟ ሆድ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን የሚጠብቁት ለሁለት ቀን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከገንዘቡ ይልቅ ቃሉ ፈጥኖ መድረስ ይኖርበታል።